ትኬት ቆራጮቼን ምን ልበላቸው?

ይድረስ ለጋሼ፤

ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ አንድ አነስተኛ የጉዞና አስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉን። ሦስቱ ትኬት ቆራጮች ናቸው፤ አንዷ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ባለቤቱ ባለፈው ወር ጠርቶኝ “ትኬቱ አላዋጣ ብሏል፣ ወደ ጉብኝቱ እናደላለን” አለኝ። ዝርዝር የለም። “ለጊዜው ለማንም እንዳትተነፍሺ” ብሎኛል። በዚያው አፉ ደግሞ እስከ ፋሲካ አምስት ሺህ ሰው ያለበት የኢሜይል ዝርዝር እንዲኖረን አዘዘኝ። አሁን ያለን በአሮጌ ኤክሴል የተቀመጠ 1,140 አድራሻ ነው። አንድ ልጅ ሃምሳ ሺህ የዳያስፖራ ኢሜይል በአሥራ አምስት ሺህ ብር ልሽጥልሽ እያለ ይደውልልኛል። ትኬት ክፍል ያሉት ደግሞ ነገሩ ሸቷቸዋል። ሻይ ሲጠጡ ከደረስኩ ወሬ ያቆማሉ። ምን ልበላቸው? ኢሜይሉንስ ከየት ላምጣ?

ግራ የገባት፣ ከሃያ ሁለት

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለት ጥያቄ የጠየቅሽ መስሎሻል። ለእኔ ግን አንድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ። ሃምሳ ሺህ አድራሻ ለሚሸጠው ልጅ ግን ዛሬውኑ “አልፈልግም” በይው።

እኔም ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። በ1985 ዓ.ም. ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ የጉዞ ወኪል ተቀጠርኩ። ትኬት ያኔ ጀርባው ቀይ ካርቦን የሆነ፣ እንደ ደረሰኝ የተጠረዘ ወረቀት ነው። በእስኪርብቶ ተጭነን እንጽፋለን። ማታ ጣቴ ቀልቶ ነው ቤት የምገባው፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ደም መስሏት ደንግጣለች። ባዶው ትኬት እንደ ገንዘብ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። አንድ ቅጠል ከጠፋ እንቅልፍ የለም።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። አዲስ አበባ፣ ካይሮ፣ ሮም፣ ስቶክሆልም ብለሽ ብትነግሪው የማይሉን ድምር መጽሐፍ ሳይገልጥ ይነግርሻል። መንገዱን በሌላ በኩል አዙሮ ዋጋውን ዝቅ ያደርገዋል። ደንበኛ ወረፋ ይዞ እሱን ይጠብቅ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር፣ እኛ አያታ የምንለው፣ የወረቀት ትኬት እንዲቀር ወሰነ። ቀነ ገደቡ መጀመሪያ በፈረንጆች 2007 መጨረሻ ነበር። ኋላ አምስት ወር ተገፋ። ግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. የወረቀቱ ነገር አበቃ። ቁጥሩን አስቢው፤ አራት ዓመት ገደማ! ዱብ ዕዳ የሚባል ነገር አልነበረበትም። እኔ በዚያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። ሰርኩላሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ሻይ ሳስቀምጥበት ቀለበት ሠርቶበታል። “እኛ አገር እስኪደርስ ገና ነው” እያልኩ ከረምኩ።

ሲደርስ ኮምፒውተር የሚችሉ ልጆች ተቀጠሩ። ያ ሰው ወንበሩን ለቀቀና ፓስፖርት ይዞ ከኤምባሲ ኤምባሲ የሚመላለስ ሆነ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኘን። “አንተ ታውቅ ነበር አይደል?” አለኝ። አዎም አላልኩት፣ አላውቅም ነበርም አላልኩት። ቁልፌን ፈልጌ እንደማጣ ሰው ኪሴን ዳበስኩ።

ስለዚህ “ለማንም እንዳትተነፍሺ” የሚለውን ትእዛዝ ሳነብ ሆዴን ቆረጠኝ።

ወደ አንቺ ቢሮ እንምጣ። ባለቤቱ ዝርዝር ስላልነገረሽ የምታውቂው ነገር የለም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚቀየረው የደንበኛው ጥያቄ ነው። ድሮ ሰው ገብቶ “ዱባይ ስንት ነው?” ይላል። ዛሬ ስልኩን አውጥቶ “ዋጋው ይኸው፣ እናንተ በስንት ታደርጉልኛላችሁ?” ይላል። ቀጥሎ የሚቀየረው አከፋፈሉ ነው፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር የእናንተ ገንዘብ ተቀባይ ቀኑን ሙሉ ብር ትቆጥር ነበር፣ አሁንስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይተመን ሲባል ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የውጭ ትኬት የሚሰላው በዶላር ነው። በዚያን ሰሞን ሰው ገብቶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ አመስግኖ ይወጣ እንደነበር ትኬት ቆራጮችሽ ካንቺ በፊት አይተዋል። የሸተታቸው ዛሬ እንዳይመስልሽ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ለሁለት ሳምንት ባለ አራት መዓዘን መስመር ወረቀት ለሦስቱም ስጪያቸው። ሰው በገባ ወይም በደወለ ቁጥር ለምን እንደሆነ አንድ ጭረት ይጫሩ። አዲስ ትኬት፣ ቀን መቀየር፣ የስም ፊደል ማስተካከል፣ የሻንጣ ኪሎ፣ የቪዛ ጥያቄ፣ “አገር ቤት ልመጣ ነው ምን ላድርግ” የሚል። ይኸው ነው። ለምን እንደምትቆጥሪም ንገሪያቸው፤ “ሥራችን ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው” በያቸው። ውሸት የለበትም፣ ምሥጢርም አላወጣሽም።

ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ባለቤቱ ግቢ። “ሠራተኞቹ ተጨንቀዋል” ብለሽ አትጀምሪ፤ ባለቤቶች ጭንቀት ሲባል ጆሯቸው ይደፈናል። “ከመቶ ጭረት አዲስ ትኬት ይህን ያህል ነው፣ ቀሪው ምክር ነው” ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ ቀን ጠይቂው። መቼ ነው ለሠራተኞቹ የምንነግራቸው? ቀን የሌለው ምሥጢር ቢሮ ውስጥ ይሸታል። “ለጊዜው” ያለውን ወደ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከደመወዝ ቀጥሎ ወዳለው ሰኞ፣ እስክታደርሺው አትውጪ።

ሕጉንም አስታውሺው፤ ብዙ ባለቤትን ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ከሰው ይልቅ ሕግ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደቡ ተሰርዞ ሠራተኛውን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ካልተቻለ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ማስጠንቀቂያው ግን በጽሑፍ ነው፣ ምክንያቱና ቀኑ ይገለጻል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሆነ ሦስት ወር። ያቺ አሥራ አንድ ዓመት የሠራችው ልጅ ሦስት ወር አላት ማለት ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የሠላሳ ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ ይሄዳል። “ማዛወር ካልተቻለ” የሚለውን ደግሞ አስምሪበት። ማዛወር ይቻላል ነው የምልሽ፣ አሁን እመጣበታለሁ።

ለሠራተኞቹ የምትናገሪበት ቀን ሲደርስ ሦስቱንም አንድ ላይ ጥሪ። አንዷን ቀድመሽ ብትነግሪ ሌሎቹ ከሷ ነው የሚሰሙት። የምታውቂውን በሁለት አረፍተ ነገር ንገሪያቸው። የማታውቂውን “አላውቅም፣ በዚህ ቀን ግን ጠይቄ እነግራችኋለሁ” በይ፣ በዚያም ቀን ንገሪያቸው፣ መልሱ “አሁንም አልተወሰነም” ቢሆን እንኳ። “አይዟችሁ ማንም አይነካችሁም” እንዳትይ። አንቺ አይደለሽም ደመወዝ የምትከፍይው። አዛኝ ቅቤ አንጓች የሚሉሽ በዚህ ነው።

አሁን ኢሜይሉ።

አንድ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። የድርጅቱ ባለቤት የሚፈልገው ዝርዝር ኤክሴሉ ውስጥ የለም። ልታሰናብቱ በምታስቧቸው ሦስት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አሥራ አንድ ዓመት ትኬት የቆረጠች ሰው በየክረምቱ ከዴንቨር ልጆቿን ይዛ የምትመጣውን ሴት ታውቃለች። እናታቸውን ለማየት ከቴል አቪቭ በየዓመቱ የሚመላለሱትን ወንድማማቾች ታውቃለች። ማን ለሠርግ እንደመጣ፣ ማን ለተዝካር፣ ማን የላሊበላን ገና ሳያይ እንደተመለሰና እንደቆጨው ታውቃለች። ኤክሴሉ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን ኤክሴሉን አጽጂ። 1,140 አድራሻ ካንቺ የግል ጂሜይል በአንድ ጠዋት ልላክ ብትይ አይሆንም፤ የግል ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም። ደግሞ አደራ፣ ሁሉንም አድራሻ ግልጽ አድርገሽ እንዳትልኪ። እኔ አንድ ጊዜ ለሦስት መቶ ደንበኛ የመልካም አዲስ ዓመት መልእክት እንዲያ አድርጌ ላክሁ። አንድ ደንበኛ “የጠፋው ሻንጣዬስ?” ብሎ ለሁሉም መለሰ። ሌላው “የኔም ጠፍቷል” አለ። በሁለት ቀን ውስጥ የጠፉ ሻንጣዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ ሊቀመንበር ብቻ ነበር የቀራቸው።

በድርጅቱ በራሱ የኢሜይል አድራሻ፣ ለጅምላ መላኪያ በተሠራ አገልግሎት፣ አጭር ደብዳቤ ላኪ። “ከዚህ በፊት ትኬት ቆርጠንልዎታል። በወር አንድ ጊዜ ስለ በዓላትና ስለ ጉዞ ብንጽፍልዎ ይወዳሉ? ካልመለሱ አንጽፍልዎትም።” ኋላ በሠራሁበት ቢሮ ይህን ሳደርግ ከ860 አድራሻ የቀረልኝ 212 ነበር። አለቃዬ ሊያብድ ነበር። በዚያ ዓመት ለጥምቀት ቦታ ያስያዘው ግን አብዛኛው ከነዚያው ከ212ቱ መጣ።

ሃምሳ ሺውን አትግዢ ያልኩሽ አሥራ አምስት ሺህ ብሩ አሳዝኖኝ አይደለም። የሚሸጥ ዝርዝር ብዙው የሞተ አድራሻ ነው። የቀረው ደግሞ አንቺን የማያውቅ ሰው ነው፣ “አይፈለጌ” የምትለዋን ይጫናል። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጥብቅ ደንብ አውጥቷል፤ ከሺህ ሰው ሦስቱ እንዲህ ካማረረ ዶሴሽ ይበላሻል። ከዚያ በኋላ የሚጠፋው የማስታወቂያ ደብዳቤሽ ብቻ አይደለም። ነገ ሌሊት ለሚበር ደንበኛ የላክሽው የጉዞ ሰነድም አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሰውየው ቦሌ ቆሞ ስልክ ይደውልልሻል። በቀን ለጂሜይል ተጠቃሚዎች ከአምስት ሺህ በላይ ለሚልክ ደግሞ ሌላ ግዴታ ይጨመራል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት፣ ደብዳቤው በእርግጥ ካንቺ መምጣቱን የሚያሳዩ ሦስቱ መታወቂያዎች መሟላት አለባቸው፣ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫም መኖር አለበት። አንቺ አምስት ሺህ ባይሞላሽም ሦስቱን ዌብሳይታችሁን የሠራው ልጅ ያስገባልሽ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንዳያታልልሽ።

ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው አድራሻ ገዝቶ መጠቀም እንደ ድሮው “ምን ችግር አለው” የሚባል ነገር አይደለም። አውሮፓ ላለ ደንበኛ ደግሞ የራሳቸው፣ ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አላቸው።

ታዲያ በምን ይደግ? የሰው አድራሻ የሚገኘው ሰውየው አንድ ነገር ካንቺ በሚፈልግበት ሰዓት ነው። ጭረቶችሽን ተመልከቺ። “ጥምቀት ዘንድሮ በፈረንጅ መቼ ነው?” የሚል ስንት ይደውላል? ጥር 11 ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው። ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ግን 20 ነው፤ በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያ ይሆናል። አንድ ቀን የተሳሳተ ሰው ጃንሜዳ ሲደርስ ታቦቱን ያጣዋል። ገና ደግሞ በፈረንጁ ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆማል፣ በእኛ ግን በዘመነ ዮሐንስ ወደ ታኅሣሥ 28 ይወርዳል። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ፣ በሁለቱም ቀን አቆጣጠር፣ የእኛ ሰዓትና የፈረንጅ ሰዓት ልዩነትም ተጨምሮበት አዘጋጂ። “ኢሜይልዎን ይንገሩኝና ልላክልዎ፤ በየወሩ የምንጽፈውንስ ልጨምርዎ?” ትበል ያቺ ልጅ ስልክ ላይ። እሺ ያለው ይመዘገባል፣ እሺ ያላለውም ገጹን ያገኛል። ሥራውን ስጫት። ይኸው፣ ማዛወር ተቻለ።

ሁለተኛው መንገድ አስጎብኚዎችሽ ናቸው። ሰው ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ አጠገብ ተነሥቶ ፎቶውን የማይፈልግ የለም። አስጎብኚው ያንሣቸው፣ ማታ “ወዴት ልላክላችሁ? ደብዳቤያችንስ ይድረሳችሁ?” ይበል። የአንድ ሰው አድራሻ ስትጠብቂ የቤተሰቡ ሁሉ ይመጣል።

ምን ይጻፍ? የሚያውቁትን። ዩኔስኮ መስከረም 2016 የባሌ ተራሮችን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ስንት አስጎብኚ “ልዩ ቅናሽ” ብሎ ጮኸ። እዚያው ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ጠዋት እጅ ስንት ጓንት እንደሚፈልግ፣ ቀይ ቀበሮ በየት ሰዓት እንደሚታይ የጻፈ ግን አላየሁም። ሹፌርሽ ያውቀዋል፤ አስቀምጪውና ይንገርሽ፣ አንቺ ጻፊ። ለዳያስፖራው በአማርኛም በእንግሊዝኛም አድርጊው፣ ልጆቻቸው ፊደል አይቆጥሩም። ለፈረንጁ የተለየ ዝርዝር ያዢ፤ “እናትዎ ጋ ሲሄዱ” የሚል ደብዳቤ ለጀርመን ጡረተኛ ምን ያደርግለታል? ለክረምቱ በመጋቢት ጀምሪ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ግን ልጆቻቸው ከትምህርት የሚፈቱት ያኔ ነው።

ስንት ሰው ከፈተው በሚለው ቁጥር አትታለዪ፤ አፕል በ2021 ባመጣው ለውጥ ሰው ሳያየውም “ተከፍቷል” ሊልሽ ይችላል። መልስ የጻፉትን ቁጠሪ።

“ቴሌግራም እያለልን ኢሜይል ምን ያደርጋል?” የሚልሽ ካለ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲገደቡ ቻናሉን ብቻ የያዘ አስጎብኚ ምን እንደሆነ ጠይቂው። ቴሌግራሙንም አትተዪ፣ አገር ውስጥ ላለው ደንበኛ እሱ ነው።

አምስት ሺው እስከ ፋሲካ አይሞላም። ለባለቤቱ አሁኑኑ ንገሪው፣ እኔ እንዳዘገየሁት አታዘግዪ። ስድስት መቶ የሚያውቁሽ ሰዎች ካገኘሽ እኔ ቡና እጋብዝሻለሁ።

ይድረስ ለወንድሜ፤

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የእንጀራና የቅመማ ቅመም ሱቅ አለኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ገንዘብ መክፈያው ጋ ደብተር አስቀምጬ ደንበኞች ኢሜይላቸውን እንዲጽፉ አደርጋለሁ። አራት መቶ ደርሷል። ኢሜይል ስልክላቸው ግን ግማሹ ተመልሶ ይመጣል። ልጄ “ማሚ ተይው” ይለኛል። የሱቁን አድራሻ ከሥር መጻፍ ግዴታ ነው የሚሉኝስ እውነት ነው?

ባለሱቋ

እትዬ፣

እውነት ነው። አሜሪካ በ2003 ያወጣችው ሕግ በንግድ ኢሜይል ሥር የፖስታ አድራሻ እንዲኖር ያዛል። “አትጻፉልኝ” ያለን ሰው ደግሞ በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ከዝርዝሩ ማውጣት አለብዎት። ልጅዎን ይህን ሥራ ይስጡት፣ መተዉን ይተዋል።

ለምን እንደሚመለስ ግን ሳላየው ልገምት። ሰው በአንድ እጁ እንጀራ ይዞ፣ በሌላው ይጽፋል። እኛ ደግሞ ስማችንን በላቲን ፊደል የምንጽፍበት ልክ የለንም። ፀሐይ የምትባል ሴት አምስት ዓይነት አድርጋ ልትጽፈው ትችላለች፤ እኔ ትኬት ላይ በአንድ ፊደል ስንት ሰው ከአውሮፕላን ሲቀር አይቻለሁ! ደብተሩን ያንሱት። እርስዎ ራስዎ ስልክዎ ላይ ይጻፉ፣ ፊደል በፊደል መልሰው ያንብቡላት፣ እዚያው ቆማ ሳለች “ይኸው፣ የጾም ሽሮ የገባ ቀን እነግርሻለሁ” የሚል አንድ መስመር ይላኩላት። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጢው ካለ ደርሷል።